በየጉድጓዱ አንዲት ምት

ቀያሹ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ በጡረታ የተገለለ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ለማንም አንዲት ሴንቲሜትር አላዳላም። ይህን የማነሳው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ የኋላው ነገር ያለዚህ ስለማይገባ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው የድንበር ችንካሩን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ጎረቤቱ ገፋ እንዲያደርግለት በጨዋ አንደበት ለመነው። ቀያሹም "ችንካሩን የተከለው ልኬቱ ነው፤ እኔ መዶሻ ብቻ ነው የያዝኩት" ብሎ መሣሪያውን ጠቅልሎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ወደማይደርስበት ጣቢያ ተዛወረና ሁለት ዓመት ከቤቱ ርቆ ከረመ። ሚስቱ ልጆቹን ብቻዋን ስታሳድግ አንድ ቀን እንኳ "ምናለ ብትገፋው ኖሮ" አላለችውም። ሲመለስ ግን "ችንካር" የሚል ስም አወጣችለት፤ ስሙም በቤት ውስጥ ጸንቶ ቀረ።

ጎልፍ የገባው በሥራው ሰበብ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ ካርታው አርጅቶ ኖሮ እንደ አዲስ እንዲያነሳለት ተላከ። ሦስት ቀን ሲለካ ሰዎች ቆም ብለው ርቀት ሲገምቱ፣ ዱላ ሲመርጡ፣ ከዚያ መትተው ሲስቱ አየ። "መቶ ሃያ ነው ይላሉ፤ መቶ ሠላሳ አራት እኮ ነው" እያለ በሆዱ ሲከራከር ሰነበተና በአራተኛው ቀን የተዋሰውን ዱላ ይዞ ብቅ አለ። ርቀቱን ማወቅና ኳሷን እዚያ ማድረስ ለየቅል መሆናቸውን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጀበት።

ከቤቱ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ዳቦ ቤት አለ። ባለቤቱ ጋጋሪ ከቀያሹ በአራት ዓመት የሚበልጥ፣ አርባ ዓመት ሊጥ ሲያሽ ክንዱ የደነደነ፣ ሳቁ ከሱቁ ወጥቶ መንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ነበር ያልኩት ሚስቱ ከመሞቷ በፊት ስለሆነ ነው። እሷ ስትሞት ምድጃውን ለልጁ ለቀቀና ጓዳ ገብቶ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አምስት ወር ተቀመጠ። ሰው ሲያጽናናው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰው ሲወጣ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ቀያሹ የማጽናኛ ቃል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ገብቶ ወደ ጓዳ አለፈና "ተነስ፤ ዱላ የሚይዝልኝ ሰው አጥቻለሁ" አለው። ዱላ የሚይዝለት ሰው ኖሮት አያውቅም። የመጀመሪያዋ ውሸት እሷ ነች ማለት ይቻላል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጋጋሪው ራሱ መምታት ጀመረ። ጉልበቱ ለጉድ ነው፤ አቅጣጫ የሚባል ነገር ግን የለውም። ኳሷ ከዱላው ስትነሳ የት እንደምታርፍ እሱም ኳሷም አያውቁም። ዓይኑ ደግሞ የዳቦ መብሰል ለማየት እንጂ ሁለት መቶ ሜትር ለማየት የሚሆን አልነበረም። ቀያሹ በዓይኑ እንጀራ የበላ ሰው ስለሆነ ቀድሞ እየሄደ ይፈልግለታል። አንድ ቀን ኳሷን በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥሮች መካከል ተሰንቅራ አገኛት። ከዚያ መትቶ የሚያወጣት ሰው አልተወለደም፤ በጎልፍ ሕግ ደግሞ ኳስ ካረፈችበት ሳትነካ ነው የምትመታው። ዞር ብሎ አየ። ጋጋሪው አንገቱን ደፍቶ፣ ቦርሳውን እየጎተተ ይመጣል፤ ፊቱ ያው የጓዳው ፊት ነው። ቀያሹም ኳሷን በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ ሣሩ ላይ አወጣት።

"አገኘኋት" ብሎ ተጣራ። "ዕድለኛ ነህ፤ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ናት።"

ጋጋሪው መጣ፣ አየ፣ መታ። ኳሷ እንደ ሰው ቀጥ ብላ ሄደች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ያንን መንገድ ማዶ የሚሰማውን ሳቅ። ያን ሳቅ የሰማ ሰው ሌላ ቀንም እግሩን ባይዘረጋ ነበር የሚገርመኝ።

ለትልቅ ሰው ግማሽ ሜትር የነፈገው እግር ለጋጋሪው አምስት ሜትር፣ አሥር ሜትር ይለግስ ጀመር። ከዚያ ነገሩ ከእግር ወደ እርሳስ ተዛወረ። በጎልፍ ወግ ኳሱን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ነው የሚበልጠው፤ አንዱ የሌላውን ምት በካርድ ላይ ይጽፋል፤ ባለቤቱ ደግሞ አረጋግጦ ይፈርማል። ጋጋሪው መቁጠር አይወድም። "አንተ የቁጥር ሰው ነህ፣ እኔ የዱቄት ሰው ነኝ፤ ስንት መታሁ?" ይላል በየጉድጓዱ። ቀያሹ ሰባት ያየውን "ስድስት" ይላል። "ስድስት ብቻ? አሸዋው ውስጥ የመታኋትን ቆጥረሃል?" "ቆጥሬያለሁ።" ጋጋሪው ሳያነብ ይፈርማል። በየጉድጓዱ አንዲት ምት ናት፤ በማታለሉም ልከኛ ሰው ነበር። ዘጠኙን ጉድጓድ ሁለት ዙር ሲሄዱት ግን አሥራ ስምንት ትሆናለች፤ መቶ አሥሩ ዘጠና ሁለት ይሆናል። ይህ በየቅዳሜው ዘጠኝ ዓመት ተጻፈ። ሃንዲካፕ የሚሉት ቁጥር አለ፤ ዝቅ ባለ መጠን ሰውየው ጎበዝ ነው ማለት ነው። የጋጋሪው ሃንዲካፕ በክለቡ መዝገብ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረሰ። እውነተኛው ከሠላሳ አምስት አይወርድም። ሌሎቹ አባላት ምነው ዝም አሉ የሚል ካለ፣ እነሱ የየራሳቸውን ኳስ ፍለጋ ላይ ነበሩ።

ቀያሹ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ስትወጣ "እንኳን ደስ አለህ፣ ሻምፒዮን" ብሎ አቀፈው። ያን ቀን ማታ ግን "የማንን መሬት ወሰድኩ?" ብሎ ራሱን ጠየቀና ማንም እንዳልተጎዳ ስላመነ በሰላም ራቱን በላ።

ባሕር ማዶ አንድ ሜዳ አለ። ዛፍ የለውም፤ ባሕርና ነፋስ ብቻ። የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች በየጥቂት ዓመቱ ዋንጫ የሚሻሙበት ሜዳ ነው፤ በቀረው ጊዜ ተራውም ሰው ዕጣ ከወጣለት ይገባበታል። ሁለቱ ይህን ሜዳ በቴሌቪዥን እያዩ ዓመታት ሲመኙት ኖረዋል። በዘጠነኛው ዓመት ጋጋሪው "ጉልበቴ ሳይከዳኝ ብሄድ" አለ። ስማቸውን ከነሃንዲካፓቸው ላኩ፤ ዕጣውም ወጣላቸው። ቀያሹ ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ትዝ አላለውም።

ከዚያ ወዲያ ዳቦ ቤቱ የጉዞ ቢሮ ሆነ። ቀያሹ የሜዳውን ካርታ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ርቀቱን በየጉድጓዱ ጻፈበት፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የሊጥ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉታል። ጋጋሪው በዱቄታም ጣቱ መስመሩን እየተከተለ "እዚህ ጋ ወደ ግራ እመታለሁ፣ ነፋሱ ወደ ቀኝ ይመልስልኛል" ይላል። ልጁ "አባዬ፣ ካርታው እኮ ዳቦ ሊሆን ነው" ትለዋለች። የዝናብ ልብስ ገዝቶ፣ እንዲለምደው ብሎ ምድጃው ፊት ለብሶት ይሠራል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ደንበኛ ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ለዳቦ የመጣ ሁሉ የት እንደሚሄድና ሃንዲካፑ ስንት እንደሆነ ሳይሰማ አይወጣም።

ሊሄዱ ሁለት ወር ከግማሽ ሲቀር ከሜዳው ወረቀት መጣ። የውጭውን ቋንቋ የሚያነበው ቀያሹ ነው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆሞ እያነበበ ይተረጉም ጀመር፤ የሚደርሱበት ሰዓት፣ የጫማው ዓይነት፣ የት ምሳ እንደሚበላ። ከዚያ አንድ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ድምፁን ሳያሰማ ማንበብ ጀመረ። ሃንዲካፑ ከሃያ አራት የበለጠ ሰው አይገባም ይላል። እያንዳንዱ እንግዳ ከሜዳው ሠራተኞች አንድ ቦርሳ ተሸካሚ ይመደብለታል፤ ኳሱን የሚፈልግለትም፣ ምቱን ቆጥሮ የሚጽፍለትም እሱ ነው። ጨዋታው ካስመዘገበው ቁጥር ጋር ጨርሶ የማይገናኝና ከኋላው ያሉትን የሚያስቆም እንግዳ ከሜዳው እንዲወጣ ሊጠየቅ ይችላል።

"ምን ይላል?" አለ ጋጋሪው።

"ስለ ዣንጥላ ነው" አለ ቀያሹ። "ትልቅ ዣንጥላ አታምጡ ነው የሚለው።"

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሚስቱ ልብስ እየተኮሰች ነው። ነገሩን ከዛፉ ሥር ጀምሮ እስከ ዣንጥላው ነገራት። እሷም ካውያውን አቁማ ሰማችው።

"ዘጠኝ ዓመት?" አለች።

"ዘጠኝ ዓመት።"

"አንተ? ችንካሩ?"

እሷ ልትስቅ ፈለገችና ፊቱን አይታ ተወችው።

"ሂድና ንገረው" አለችው። "ነገ ሂድ። ሰውየው በሰው አገር፣ በማያውቀው ሰው ፊት አፍሮ ከሚመለስ እዚህ ጓዳው ውስጥ ቢሰድብህ ይሻላል።"

"እንዴት ብዬ ነው የምነግረው?"

"እንደነገርከኝ።"

መንገር ነበረበት። በነጋታው ሄዶ ቢነግረው ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረኝ። ግን ሰው ጥፋቱን ሳይናገር ለማረም የሚሄደው መንገድ ብዛቱ አይጣል ነው። ቀያሹ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ አንድ ዘዴ ላይ ደረሰ፤ መርዳቱን ይተዋል። እግሩን ይሰበስባል፤ ሰባቱን ሰባት ብሎ ይጽፋል። ጋጋሪው ቁጥሩን ራሱ ያያል፤ አቅሙን ይረዳል፤ "ለካ አልችልም፣ እንዲሁ ሜዳውን ለማየት ብቻ እንሂድ" ይላል፤ ማንም አያፍርም። ጥሩ ዘዴ መሰለው። እኔ ፈሪ ሰው የሚያወጣው ዘዴ ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋጋሪው መቶ አሥራ ሁለት መታ። ካርዱን ሲያይ ሳቀ። "ዛሬ ዱላው የሰው ነው መሰለኝ" አለ። በሁለተኛው መቶ አሥራ አምስት ሲሆን አያያዙን ቀየረ። በሦስተኛው ዓይኑን አስመረመረ። ኳሷ ዛፍ ሥር ስትገባ ቀያሹ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጋጋሪው ይመጣና ጎንበስ ብሎ ያያታል፣ ከዚያ ቀያሹን ያያል፣ ከዚያ ይመታል፤ ዱላው ሥሩን እየመታ ይነጥራል። "ድሮ እንዲህ አይነት ቦታ አትገባም ነበር እኮ" አለ አንዴ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። ቀያሹ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን "ይቺ ቀን ታልፋለች" የሚል ብቻ ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ጋጋሪው "ስንት መታሁ?" ብሎ መጠየቁን ተወ። በአምስተኛው "ወገቤን አሞኛል" ብሎ ቀረ። ካርታው ከሊጥ ጠረጴዛው ላይ ተነሳ።

ቀያሹ ዘዴው የሠራ መስሎት ነበር። ዳቦ ሲገዛ ጋጋሪው ስለሌላ ነገር ያወራል፤ እሱም በሆዱ "ገባው" ይላል። አንድ ማክሰኞ ግን ሱቁ ውስጥ የጋጋሪውን ልጅ ብቻዋን አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?" አለችው።

"ምኑን?"

"አባዬ ሐኪም ጋ ሲመላለስ ከርሟል። ዛሬ ደግሞ ጭንቅላቱን በማሽን ሊያዩት ቀጥረውት ሄዷል።"

ቀያሹ የያዘውን ዳቦ መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

"አያቴ አናጢ ነበር አሉ" አለች ልጅቷ። "መጨረሻ ላይ ልጆቹን አያውቅም ነበር። አባዬ እንደሚለው ሁሉ ነገር የጀመረው ምስማር መምታት ሲያቅተው ነው። ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ከእጁ ወጣ። 'እኔም ዘጠኝ ዓመት የቻልኩት ጨዋታ በአንድ ወር ከእጄ ወጣ፤ አውቀዋለሁ ይሄን ነገር፣ በቤታችን አለ' አለኝ። የዳቦውን ልክ ሁሉ ቁጭ ብሎ እየጻፈልኝ ነው፤ ሳይረሳው። ምድጃውን ብቻውን አይለኩስም፤ እኔ ካልቆምኩ አይነካውም።" አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች። "ጉዞውንም ሰርዞታል። ሰው አጽፎ ደብዳቤ ልኳል። ለእርስዎ እንዳልናገር አስምሎኛል፤ 'እሱ ያዝናል፣ ብቻውን እንዲሄድ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ' ብሎ።"

ቀያሹ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። በሕይወቱ ብዙ ቀን ተሳስቷል፤ ስሕተቱን ግን ሁልጊዜ ተመልሶ ለክቶ ያርመው ነበር። ይህ የሚለካ አልነበረም። አንድን ጤነኛ ሰው አጠገቡ ቆሞ እያየ ወር ሙሉ በሽተኛ አድርጎታል፤ ያውም የሚወደውን ሰው። ራሱን ጠላ። ጋጋሪው እስኪመለስ ሦስት ሰዓት እዚያው ወንበር ላይ ጠበቀ፤ ልጅቷ ውሃ ሰጥታው አልጠጣም።

ጋጋሪው አመሻሽ ላይ ገባ፤ ኮቱን ሳያወልቅ። ቀያሹን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ምነው ኢንጂነር፣ ዳቦ አልቆ ነው?"

"ጓዳ እንግባ" አለ ቀያሹ።

ገቡ። ጋጋሪው ጆንያው ላይ ተቀመጠ፣ ቀያሹ ቆመ። ሚስቱ እንዳለችው፣ እንደነገራት አድርጎ ነገረው፤ ከዛፉ ሥር ጀምሮ፣ እግሩን፣ እርሳሱን፣ በየጉድጓዱ አንዲት ምት፣ ዣንጥላውን፣ ያለፉትን አምስት ሳምንታት። "ምንም አልሆንክም" አለ በመጨረሻ። "ዱሮም እንዲሁ ነበር የምትመታው። ከእጅህ የወጣ ነገር የለም።"

ጋጋሪው መጀመሪያ የያዘው ይህንኑ ነው። "ስለዚህ ጭንቅላቴ ደኅና ነው?" አለ።

"ደኅና ነው።"

"ተመስገን" አለና በሁለት መዳፉ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ቀያሹ አብሮት አለቀሰ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር ያለፈ መስሎት ነበር።

"ደብዳቤውን እንጽፍላቸዋለን" አለ ቀያሹ። "ተሳስተን ነው እንላለን። ባንጫወትም ሄደን እናየዋለን።"

"ቦታችንን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። መልሱ ትናንት መጣ።" ጋጋሪው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ቀያሹ ሰውየው ዘጠኝ ዓመቱን አንድ በአንድ እየዞረው መሆኑን ከዓይኑ አየ። እያንዳንዷ ቅዳሜ ላይ ቆም ይላል፣ ያልፋል።

"ሰባተኛውስ?" አለ ጋጋሪው።

የሰባተኛው ጉድጓድ ነገር እንዲህ ነው። ከመምቻው ፊት ጉብታ አለ፤ ጉድጓዱ ከጉብታው ጀርባ ስለሆነ የመታው ሰው ኳሱ የት እንዳረፈች አያይም። ከስድስት ዓመት በፊት ጋጋሪው እዚያ መታ፤ ቀያሹ እንደ ልማዱ ቀድሞ ጉብታውን ተሻገረ፤ ኳሷ በዚያችው በአንድ ምት ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ አገኛት። ጎልፍ የሚጫወት ሰው አብዛኛው እንዲህ ሳይሆንለት ይሞታል። ያየው ቀያሹ ብቻ ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ወሬውን ያውቀዋል። ልጅቷ ስታገባ በሠርጓ ላይ ጋጋሪው ንግግር አድርግ ሲሉት የተናገረው ስለዚያች ምት ነበር፤ እናቷ ከሞተች በኋላ መኖር እንደሚቻል የገባው ያን ቀን መሆኑን።

"እሷ ያንተ ናት" አለ ቀያሹ። "እግሬም እጄም አልነካኋትም። ሣሩ ላይ ፈልጌ አጣኋት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ባይ ቁጭ ብላለች። እኔ ራሴ ነኝ ደንግጬ የጮህኩት።"

እውነቱን ነበር። ኳሷ በራሷ ገብታለች፤ እኔም እመሰክራለሁ፤ የእኔ ምስክርነት ግን ጓዳው ውስጥ አይሰማም።

"ያኔም እንደዚህ ነበር ያልከኝ" አለ ጋጋሪው።

"እውነቴን ነው። በልጆቼ!"

"ልጆችህን አትጥራ።" ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ከጆንያው ላይ ተነሳና ሽርጡን ከማንጠልጠያው አወረደ፤ ከኋላው ሊያስረው ሲታገል ቀያሹ ሊያግዘው እጁን ዘረጋ። ጋጋሪው ራሱ አሰረው።

"እሺ" አለ ሳያየው። "ገባች እንበል።"

ከዚያ ደንበኛ ቆሞ ስለነበር ወደ ሱቁ ወጣ።